«ከሳህ፤ ምን ሆነህ ነው?»

አገር ቤት «ወፈርክ» ማለት «ተመቸህ» ማለት ነው። «ከሳህ» ሲባል ግን አንድም ችግር፣ አንድም በሽታ ታስቦ ነው። ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሮ አብሮ ስለመጣ፣ በፍራንክፈርት ጉትሎይትፊርቴል የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ብዙ ፈትኖታል።

ሰውየው ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ይውላል። ማታ ሁለት እንጀራ በወጥ፣ በላዩ ቢራ። የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት ስለሌለው፣ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሁለቴ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። በኋላ ሐኪሙ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንደጀመረውና ክብደቱን መቀነስ እንዳለበት ነገረው።

ሁለቱን እንጀራ አንድ አደረገ፤ ዘይቱን ቀነሰ፤ ጎመንና ምስር አበዛ፤ ለስላሳውንና ቢራውን ተወ። ከሥራ በፊት በማይን ወንዝ ዳር እስከ ኒሳ መናፈሻ በእግሩ ይሄድ ጀመር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ዓመት ሳይሞላ 15 ኪሎ ቀነሰ። ጉልበቱ ተሻለው፤ ማንኮራፋቱ ቀረና ባለቤቱም እንቅልፍ አገኘች። ደረጃውን ልጁን አዝሎ ይወጣል።

በየድግሱ ግን ሹክሹክታ ተነሣ። አንዱ «ያ በሽታ ይሆን?» ይላል፤ ሌላው ጠበል ይጠቁመዋል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ሲመጣ እምቢ ቢል፣ ኮራ ተባለ። ሰውነቱ ቀሎት ሳለ ልቡ ከበደውና ከሰው መራቅ ጀመረ። በመጨረሻ በአንድ ክርስትና ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ስኳር ነበረብኝ፤ አሁን ወደ ልኩ ተመልሷል» አለ። ያን ዕለት ሁለት ሰዎች ወደ ጎን ወስደው «እኛም አለብን፤ እንዴት አደረግኸው?» ሲሉ ጠየቁት።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ የብሪታኒያ ጥናት፣ በሽታው ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ካልሞላቸው ታካሚዎች መካከል 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የቀነሱት 86 በመቶ የሚሆኑት ስኳራቸው በዓመቱ ያለ መድኃኒት ተስተካክሎ ተገኝቷል። ቢሆንም ክብደቱ ሲመለስ በሽታውም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ መቀነስ የለበትም፤ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ሳይታሰብ፣ ምግብ ሳይቀነስ የሚመጣ ክሳትም ለሐኪም መነገር አለበት።

ጋባዦችም ቢሆኑ ጉርሻውን አሳንሰው እንግዳውን ቢያከብሩት ፍቅር አይጎድልም።