ዋልያ በፍራንክፈርት

የግሪም ወንድማማቾች የተወለዱባት ሐናው ከፍራንክፈርት ብዙም አትርቅም። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ደን ሲባል ተረት ይጠብቃል። ብርድ የማይለየው ከፍተኛ ደን አለ ቢሉት፣ ዛፎቹ እንደ ሽማግሌ ግራጫ ጢም አንጠልጥለዋል ቢሉት፣ እዚያ የሚኖረው እንስሳ ሥጋ አይቀምስም፣ ቀንዱ ከአንድ ሜትር ይረዝማል፣ ለጋ ቅጠል ሲያምረው በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ሲያስደነግጡት ሰው ቁልቁል ማየት በሚፈራው ገደል ይሮጣል ቢሉት፣ ልጁ «ከዚያስ?» ይላል እንጂ «የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ያ እንስሳ ዋልያ ነው። ደኑም የሰሜን ተራሮች የአስታ ደን ነው። ዋልያ በዱር የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ፍራንክፈርት ኢትዮጵያን የምታውቃት ከጥንት ጀምሮ ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ በላቲን የጻፈውን የኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው በዚችው ከተማ ነው። ለዕውቀቱ ዋና ምንጭ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ ሉዶልፍም ማን እንዳስተማረው አልደበቀም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የከተማይቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በምጽዋ በኩል ገብቶ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አየ። የሰበሰባቸውን እንስሳት ለሴንከንበርግ ሙዚየም አስረከበ፤ እ.ኤ.አ. በ1835ም ዋልያንና ጭላዳን በሳይንስ መዝገብ አስገባቸው።

የዋልያ ሳይንሳዊ ስም «ካፕራ ዋሊ» ነው። «ካፕራ» በላቲን ፍየል ማለት ሲሆን ሁለተኛው ቃል የኛው ነው። በሳይንሱ ደንብ መሠረት «ሩፔል፣ 1835» የሚል ይከተለዋል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ «ዋልያን ያገኘው ሩፔል ነው» ሲባል ይሰማል። የጠፋ ነገር ግን አልነበረም። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ከሩፔል በፊት አይቶ የጠራው ሰው ባይኖር ኖሮ ቃሉ ከየት ይመጣ ነበር? አባ ጎርጎርዮስ ስማቸው ተርፏል። ዋልያን ዋልያ ያሉት የሰሜን ሰዎች የተረፋቸው ቃሉ ብቻ ነው።

ይህን ብሎ መኩራት ቀላል ነው። ነገር ግን ስም ማውጣትና መጠበቅ አንድ አይደሉም። ዋልያን ያደነውም፣ ግጦሹን በከብት የተሻማውም፣ እርሻውን ወደ ገደሉ አፋፍ የገፋውም አገሬው ነው፤ ድህነትም አለበት፣ ጦርነትም አለበት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ዛሬም ዋልያ የሚቆጠረው በመቶዎች ነው። እናቲቱ በአንድ ወሊድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

ስሙ ግን እንደ አሸን ፈልቷል። ብሔራዊ ቡድኑ «ዋልያዎቹ» ነው፤ ቢራውም ዋልያ ነው። በስደት የተወለደ ልጅ ቃሉን ከማሊያና ከጠርሙስ ይማረዋል። ወላጆቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ በዓይናቸው አላዩትም። እንስሳ ወደ ተረት የሚገባው ስሙ ሲረሳ ብቻ አይደለም፤ ስሙ በየቦታው ሲጠራና ባለቤቱ ሲጠፋም ይገባል። ስለዚህ ልጁ አንድ ቀን «የት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙዚየም ከመውሰድ በፊት ካርታ ዘርግቶ ሰሜን ተራሮችን ማሳየት ይሻላል።