በሐምሌ የመጣ የበጋ ሽቶ

ባለፈው ዓመት በወርኀ ሐምሌ አጋማሽ፣ ኑሮውን በአውሮፓ ያደረገ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለዕረፍት ወደ ሶዶ መጥቶ አንዲት የሽቶ ብልቃጥ አበረከተልኝ። በካርቶኗ ላይ የሰፈረው የባዕድ ቃል በእኛ ሲመለስ «ለበጋ» ማለት ነው። «ዶክተር፣ ወቅቱን የጠበቀ ነው» አለኝ በኩራት። አመሰገንሁትና በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከትሁ። የዳሞታ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተጋርዷል፤ መንገደኛው ካፖርቱን ደርቦ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ጭቃውን እየመረጠ ይራመዳል። ለመሆኑ በጋ የሆነው ለማን ነው?

በማግስቱ ሽቶውን ተቀብቼ ወደ ትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ አየሩን አሽትቶ «ምነው፣ ለሻይ የሚሆን ሎሚ ይዘሃል እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሎሚው መዓዛ ጠፍቶ የእርጥብ ካፖርት ጠረን ብቻ ቀረ።

የሀገር ጉዳይ ስጽፍ የሚያውቁኝ አንባቢያን ዛሬ ስለ ሽቶ ማውራቴን እንደ ቅንጦት ቢቆጥሩት አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ጥቂት ይታገሡኝ፤ ጉዳዩ የብልቃጥ ብቻ አይደለም።

ሽቶን ከወቅት ጋር ማስማማት የቅብጠኞች ፈሊጥ ሳይሆን ተፈጥሯዊ ምክንያት ያለው ነገር ነው። ሽቶ የሚሸተን ከቆዳችን ላይ እየተነነ ስለሆነ ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ቀላል በመሆኑ ፈጥኖ ይተናል፤ እጣን፣ ከርቤ፣ ሰንደልና ቫኒላ ግን ከባድ ስለሆኑ ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ብዙም ይቆያሉ። ሙቀት መትነንን ያፋጥናል፤ ስለዚህ በብርድ ቀን ደስ የሚያሰኘው ከባድ ሽቶ በሐሩር ቀን ራስ ያዞራል። በሐሩር የሚያነቃው የሎሚ ሽቶ ደግሞ በብርድ ቀን ሰልሎ ወዲያው ይጠፋል። ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም።

ችግሩ የወቅቱ ስም ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፣ እስከ መስከረም 25 ደግሞ ክረምት ነው። አውሮፓ ፀሐይ በሚሞቅበት ሐምሌ እኛ እሳት እንሞቃለን። ወላይታ ደግሞ በወቅት ብቻ ሳይሆን በከፍታም የምትለያይ ምድር ናት። ሦስት ሺሕ ሜትር ከሚጠጋው የዳሞታ አናት ተነሥቶ፣ ሶዶን አልፎ፣ ሁምቦን ተሻግሮ ወደ ዓባያ ሐይቅ የወረደ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል። ጠዋት የተስማማው ሽቶ ቀትር ላይ ይከብደዋል።

ወላይታ ግን ማንም ሳይነግራት የራሷ የመዓዛ አቆጣጠር አላት። በጥር የደረቀ ሣርና አቧራ ይሸታል። የበልግ ዝናብ ሲጀምር የአፈሩ ሽታ ይነሣል፤ ከዝናቡም ጥቂት ቀናት በኋላ በየጓሮው ቡናው ነጭ አበባ ያብባል፣ መንደሩም በመዓዛ ይሞላል። በክረምት እርጥብ እንጨት ይጨሳል። መስከረም ሲመጣ ጊፋታ ነው፤ የወላይታ የዘመን መለወጫ። ወንዶቹ ለሠንጋ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ከርመው በዚያ ሳምንት ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል።

በዚህ አቆጣጠር ውስጥ አንድ መራራ ነገር አለ። ምድሪቱ እጅግ መልካም መዓዛ የምትሰጠው በበልግ ወራት ነው፤ የገበሬው ጎተራ የሚራቆተውም በዚያው ወቅት ነው። ጓሮው ለምልሞ፣ ቡናው አብቦ፣ ከማጀት ግን የሚሸት ወጥ የለም። «አረንጓዴ ርሃብ» የሚባለው ይኸው ነው። መሬት ጠባብ፣ ሕዝብ ብዙ በሆነበት በዚህ ዞን የበልግ ዝናብ ከዘገየ ወይም ከቀረ ልምላሜው ዓይን ከማታለል በቀር ሆድ አይሞላም። በ1992 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነበር።

ያን ዓመት እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ውጤቴን ሳይሆን ጠረኔን ነበር። በመኝታ ክፍላችን አንድ ልጅ ልብሴ የጭስና የቆጮ ሽታ እንዳለው በቀልድ ተናገረ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ክረምቱን ልጆች በማስጠናት ካገኘኋት ገንዘብ ቀንሼ መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ ሳይሆን ርካሽ ሽቶ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ለጊፋታ ወደ ቤቴ ስመለስ ከአውቶቡስ ሳልወርድ ተርከፈከፍሁበት።

እናቴ አቅፋ ከሳመችኝ በኋላ ትንሽ ራቅ ብላ አየችኝ። «የማን ቤት ልጅ መስለህ መጣህ?» አለችኝ በወላይትኛ፣ እየሳቀች። ከዚያም በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ አውጥታ እንደ ልማዳችን አናቴን ልትቀባኝ እጇን ዘረጋች። እኔም እጇን ገፋሁት። «ተይ፣ ይሸታል» አልኋት።

ምንም አልመለሰችም። ቅቤውን በቅጠሉ መልሳ ጠቅልላ አስቀመጠችው። በማግስቱ ታናሽ እኅቴ ነገረችኝ፤ በዚያ ዓመት የሰፈሩ ሴቶች የቅቤ ዕቁብ በርሃቡ ምክንያት ፈርሶ ነበር። ያቺ በቅጠል የተጠቀለለችው ቅቤ በቤቱ የነበረችው ሁሉ ናት። ልጆቹ እንኳ እንዳይነኳት ተከልክለው ለእኔ የተቀመጠች!

ይህን የምጽፈው ለማስለቀስ አይደለም። «መልካም ሽታ» የሚለውን ፍርድ ማን እንደሚሰጥ እንድንጠይቅ ነው። እኔ ያን ቀን በእናቴ ላይ የፈረድሁት በአፍንጫዬ ሳይሆን በተውሶ ፍርድ ነበር።

ነገሩ በእኔና በእናቴ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያግድ ሽቶም ከታገዱት አንዱ ነበር፤ እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ምንዛሪ ሲጠፋ ከሽቶ መድኃኒት ማስቀደሙን አልቃወምም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህች ሀገር እኮ የሽቶ ጥሬ ዕቃ አገር ናት! ከመተማና ከትግራይ እጣን፣ ከኦጋዴንና ከቦረና ከርቤ ይወጣል። ከጥንት እናርያ ጀምሮ የተነገደበት ዝባድ በበሬ ቀንድ እየታሸገ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሲሄድ ኖሯል። ታዋቂው ሻኔል ቁጥር 5 እንኳ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ የተፈጥሮ ዝባድ ይገባበት ነበር። በጠባብ ቆጥ ታስሮ ዝባዱ የሚፋቅለት የጥርኝ ስቃይ ግን የሚያኮራ አይደለምና እርሱ ይቅርብን። ሙጫውና ቅጠሉስ? ከእኛ በጆንያ ወጥቶ በብልቃጥ ሲመለስ የሌላ አገር ወቅት ተጽፎበት ይመጣል። እኛም መለያውን አንብበን በሐምሌ ብርድ እንቀባዋለን።

በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ዕፅዋት ይጠናሉ፤ ዘይታቸውም ይወጣል። እኛ በየዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያለን መምህራን ግን በጓሯችን ስላለው ጦስኝ፣ ኮረሪማና ጤና አዳም ስንት ጊዜ ከገበሬው ጋር ተቀምጠን ተነጋግረናል? ወቀሳው መጀመሪያ የሚደርሰው ለራሴ ነው። ሽቶ ቀርቶ ፖሊሲም ቢሆን በሌላ አገር ወቅት ተቀምሞ ሲመጣ መለያውን አንብቦ መቀባት ልማዳችን ሆኗል። ቆዳችን አልቀበል ሲለው ጥፋተኛው ቆዳችን ይመስለናል።

ያቺ የስጦታ ብልቃጥ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። አልጣልኋትም። በየካቲት ወደ ዓባያ ዳርቻ ስወርድ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ተቀባኋት፤ እጅግም ተስማማችኝ። ሽቶው አልተበላሸም ነበር፤ ወቅቱን ያነበብሁት ከካርቶኑ መሆኑ ነው የተሳሳተው። በሐምሌ አሁን የእጣንና የከርቤ ጠረን ያለውን እመርጣለሁ። ቡናው ባበበ ሰሞን ምንም አልቀባም።

ጊፋታ ሲመጣ ደግሞ የእናቴ እጅ ይበቃኛል። አርጅታለች፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። እኔ በርከክ ብዬ አናቴን እሰጣታለሁ፣ እርሷም ትቀባኛለች። ስለዚያ ስለ 1993ቱ ቀን አንድም ጊዜ አንሥታብኝ አታውቅም።

ቸር ይግጠመን።