ስለ ታላቁ የጋራ አካፋይ

ጥቂት የተማረ ሰው ከመምህሩ የበለጠ መስሎ ሲታየው ወደ ስሕተት እንደሚወድቅ በራሴ ከደረሰው ተረድቻለሁ።

በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብን ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ ዘንድ ጀምሬ ነበር። ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ በክረምት ዕረፍት በተመለስሁ ጊዜ፥ መሪጌታ ለደቀ መዛሙርታቸው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ዕለትና ወንጌላዊ በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ነው። አበቅቴና ወንጌላዊ በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህም ዐውደ ማኅተም ነው። ሦስቱ በአንድነት የሚገናኙበት ዐውደ ቀመር ግን 532 ዓመት ነው።»

እኔም በድፍረት ተነሥቼ፦ «የኔታ፥ 28 በ76 ሲባዛ 2128 ነው እንጂ 532 አይደለም» አልሁ። ተማሪዎቹ ደነገጡ። እርሳቸው ግን ሳይቈጡ፦ «ልጄ፥ ወንጌላውያንን ስንት ጊዜ ቈጠርኻቸው?» ብለው ዝም አሉ።

የጥያቄው ምስጢር የተገለጠልኝ በቍጥር ፈንታ ፊደል የሚገባበትን አልጀብራን በተማርሁ ጊዜ ነው። አራቱ ወንጌላውያን «ሀ»፥ ሰባቱ ዕለታት «ለ»፥ አበቅቴ የሚዞርበት 19 ዓመት «መ» ይባሉ። እንግዲህ 28 ማለት ሀ በለ ተባዝቶ፥ 76 ማለት ሀ በመ ተባዝቶ ነው። 7 እና 19 ከአንድ በቀር የሚያካፍላቸው የጋራ ቍጥር ስለሌለ፥ የ28 እና የ76 ታላቁ የጋራ አካፋይ ሀ ብቻ፥ ይኸውም 4 ነው። ሁለቱን እንዲሁ ያባዛ ሰው ወንጌላውያንን ሁለት ጊዜ ይቈጥራል፤ 2128 ለ4 ሲካፈል ግን 532 ይወጣል።

ሕጉ በሌላውም እንዲሁ ነው። በአንድ ወገን 12 ጊዜ ሀ፥ ሀ፥ ለ፤ በሌላው ወገን 18 ጊዜ ሀ፥ ለ፥ ለ ተባዝተው ቢገኙ፥ ከቍጥሮቹ 6ን፥ ከፊደላቱም ሀን አንድ ጊዜ፥ ለን አንድ ጊዜ እንወስዳለን። «ታላቅ» የሚለው ስም ብዙውን የሚያስወስድ ይመስላል፤ ነገር ግን የጋራውን ልክ የሚወስነው ጥቂት ያለው ወገን ነው።

በተከታዩ ትንሣኤ ሄጄ ጕልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ለመንሁ። ስሌቱን በፊደል ጽፌ ባሳየኋቸው ጊዜም ፈገግ ብለው፦ «እኛ በቃል የያዝነውን እናንተ ጻፋችሁት» አሉ። የእርሳቸውና የእኔ ትምህርት የጋራ ነገር ነበራቸው፤ እኔ ግን እንደ ሁለት ቈጥሬው ኖሬአለሁ።