በትንፋሽ ልክ

አንባቢ ሆይ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ባለተሳቢ መኪኖች አይተህ ታውቅ ይሆናል። ሌላው ሰው ኮንቴይነራቸውን ያያል፤ እኔ ግን ጭሳቸውን አያለሁ። አንዳንዱ ሲነሳ እምብዛም አያጨስም። ሌላው ሹፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ሰማዩን ያጠቁረዋል። ይህን የጉልበት ምልክት የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፤ «ናፍታ ተጨምሮለታል፣ ዳገት አይፈራም» ይሉለታል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አንድ ሊትር ናፍታ አንዳች ሳይተርፍ ለመንደድ 12 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ጅቡቲ ባሕር ዳር ይህን አየር ለማግኘት 10 ሜትር ኩብ ገደማ መሳብ ይበቃል። ሞጆ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳስቷል፤ ያንኑ 12 ኪሎ ለማግኘት ከ12 ሜትር ኩብ በላይ ያስፈልጋል። በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ የሚመጣው መኪና እንግዲህ ሸክሙ ሳይቀልለት ትንፋሹ እያጠረ ነው ሽቅብ የሚወጣው።

የቱርቦ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ በከንቱ የሚወጣው ጭስ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩም አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በብዙዎቹ የቆዩ ባለቱርቦ መኪኖች ናፍታ የሚመግበው ፖምፓ አንዲት ስስ ሽፋን አለችው። የቱርቦው ግፊት ሲገፋት ናፍታ ትለቃለች፤ ግፊቱ ሲላላ ትቆጥባለች። በአዲሶቹ መኪኖች ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ይዞታል።

አዳማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት ሹፌር ወደ አረጋዊው የፖምፓ ባለሙያ ቀረበ። «ጋሼ፣ ጉልበት አጥቷል፤ ትንሽ ናፍታ ይክፈቱልኝ» አላቸው። ቢያጆ በበዛ ቁጥር ገቢው የሚጨምር፣ ዳገት ላይ ቀርቶ ተራው ያለፈበት ልጅ ነው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ እኔ የምከፍትልህ ናፍታውን ነው። አየሩን ማን ይከፍትልሃል?»

ነገራቸው ቀልድ አልነበረም። አየር ያላገኘ ናፍታ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፤ የጭሱ ሙቀት ያለልክ ይንርና ፒስቶኑን፣ ቫልቩን፣ ራሱን ቱርቦውን ይበላል። ዛሬ በካቻቢቴ የተገኘው ጉልበት ነገ በሙሉ ሞተር ዋጋ ይከፈላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሽማግሌው ፖምፓውን አልነኩም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አዩ፤ የበረሃ አቧራ ደፍኖታል። ቀጥሎ ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጃቸው ዳሰሱ። ማሰሪያው ላልቶ የተጠቀጠቀው አየር በጎን ያመልጥ ነበር። ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ የናፍታ ማነስ ሳይሆን የአየር ማነስ ነበር። ናፍታ ቢጨመርለት ኖሮ በሽታው ይብስበት ነበር።

ቱቦው ታሰረ፤ ማጣሪያው ተለወጠ። ልጁ መኪናውን አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ሽማግሌው የተቀበሉት ያችኑ የማሰሪያና የማጣሪያ ዋጋ ነው። ፖምፓ ቢፈቱ ኖሮ ብዙ እጥፍ ባገኙ ነበር።