አረፍ በሉ

በካልጋሪ መሀል ከተማ በብርዱ ወራት እንኳ ካፖርት ሳትለብሱ ብዙ መሄድ ትችላላችሁ። «ፕላስ 15» የሚባለው መተላለፊያ ሕንፃን ከሕንፃ ያገናኛል። ስሙ የመጣው ድልድዮቹ ከመንገዱ 15 ጫማ ያህል ከፍ ስለሚሉ ነው። የመጀመሪያው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1970 ተከፈተ፤ ዛሬ መተላለፊያው በጠቅላላው ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከታች፣ በ7ኛው ጎዳና፣ ባቡሩ መሀል ከተማ ውስጥ በነፃ ይወስዳችኋል።

እዚህ መንቀሳቀስ ቀላል ነው። መቆምስ? እኔ የኮምፒውተር ቦርሳ ይዤ ሳልፍ ማንም አይጠይቀኝም። ሻንጣውን ይዞ ግድግዳ የተደገፈውን ሰው ግን ጥበቃው «ወዴት ነው?» ሊለው ይችላል። ሁለታችንም የምንሸሸው ያንኑ ብርድ ነው።

በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ «አረፍ በሉ» ይባላል። ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ትሄዳላችሁ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን ቃል የሚያስታውሰኝ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ባቡሩ ከሥሩ ያልፋል፤ ከላይ ተማሪውም፣ አዛውንቱም፣ ሥራ ፈላጊውም ምንም ሳይገዙ ይቀመጣሉ።

ካልጋሪ ስትመጡ ሁለቱንም እዩ። በፕላስ 15 ስታልፉም መቀመጫ ያጣው ማን እንደሆነ ልብ በሉ።