ሀገር መርጠን ትምህርት ስናፈላልግ

እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም ሃያዎቹ ውስጥ ነን፤ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተካፍለን እንኖራለን። አንዳችን ከአርባ ምንጭ በውሃ ምህንድስና ተመርቃለች፤ አንዳችን ኬሚስት ናት፤ ይህን የምትጽፍላችሁ ደግሞ ጋዜጠኝነት ነው ያጠናችው። ለማስተርስ ውጭ የመሄድ ሐሳቡ የሁለቱ ነበር። ጋዜጠኛዋ የገባችበት «እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ ደብዳቤያችንን አርሚልን» ተብላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ «እኔ» የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሁሉም «አመለከትን»፣ «ተቀበሉን»፣ «ከለከሉን» ሆነ።

ሥራው የሚሠራው ማታ፣ በአንዲት ላፕቶፕ ነበር። ሠንጠረዥ አወጣን። የመጀመሪያው ዓምድ ሀገር፣ ሁለተኛው የማመልከቻ ቀን፣ ሦስተኛው ገንዘብ። የትምህርቱ ዓይነት መጨረሻ ላይ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ባዶ ነበር። ካናዳ ይበርዳል፣ ስዊድን ለማመልከት ብቻ 900 ክሮነር ይጠይቃል፣ ጀርመን ነጻ ነው። በቃ፣ ጀርመን!

የጀርመን «ነጻ» ምን ማለት እንደሆነ የተማርነው ቆይተን ነው። እርግጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርቱ አያስከፍሉም። (ሁሉም ግን አይደሉም። የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ክፍያ ጀምሯል።) ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከል ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ ይፈልጋል፤ እሱን ቨርጂኒያ ያለች የአክስት ልጅ በካርዷ ከፈለችልን። ትልቁ ነገር የመጣው ለቪዛ ነው፦ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ የአንድ ዓመት መኖሪያውን በዝግ ሂሳብ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። ያኔ 11,208 ዩሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ 11,904 ከፍ አለ።

የውሃ መሐንዲሷ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ ደረሳት። ገንዘብ የለበትም፤ ቅበላ ብቻ። ጨፈርን። ከዚያ ሂሳብ ሠራን፤ ወደ ሰባት መቶ ሺህ ብር መጣ። የቤተሰብ እቁብ፣ የእኛ ቁጠባ፣ ከቨርጂኒያ ብድር... እያልን ስንቀምር ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ያው ገንዘብ ከሚሊዮን ብር አለፈ። ቁጠባችን አንድ ብር ሳይነካ ግማሽ ሆነ።

እናቷ ከወንጂ ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ቤቱን እንሽጠውና ሂጂ» አሉ። «እማዬ፣ እሱማ አይሆንም» አለችና ዘጋችው። ለሳምንት ያህል ቤታችን ውስጥ ስለ ጀርመን ያነሳ ሰው አልነበረም። ቅበላው ቀረ።

(መሃል ላይ «የተረጋገጠ ስኮላርሺፕ» አለን ያለ አንድ ኤጀንሲ የኬሚስቷን የሁለት ወር ደመወዝ በልቶ ስልክ ማንሳት አቁሟል። ስኮላርሺፕ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ፣ እግሬ አውጪኝ በሉ።)

ቁጣው ሲበርድ የድሮ ደብዳቤዎቻችንን አውጥተን አነበብናቸው። የመሐንዲሷ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር አለኝ» ብሎ ይጀምራል። የኬሚስቷም እንደዚያው ይጀምራል! ከአንድ ቦታ ነበር የቀዳነው። «ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም መልስ አልነበራቸውም፤ ሠንጠረዣችን ላይ ያ ዓምድ ባዶ ነበራ።

ጋዜጠኝነት ቢያንስ ጥያቄ መጠየቅ ያስተምራል። አንድ ማታ መሐንዲሷን «ስትስቂ ለምንድን ነው አፍሽን በእጅሽ የምትሸፍኚው?» አልናት። (ፈቅዳልን ነው የምንጽፈው።) ጥርሷ ቡናማ ነው። የወንድሞቿም እንደዚያው ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፣ እጅግ ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ይጎዳል። ወንጂ በዚህ የታወቀች ናት። ማጣሪያ የለም ማለት አይደለም፤ በአልሙምና በኖራ የሚሠራ አለ፣ በተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራም አለ። ችግሩ ማን ይጠግነዋል፣ ማን ይከፍልበታል፣ ሲያረጅስ ማን ይቀይረዋል ነው። ይህን ስታወራ እኩለ ሌሊት አለፈ። «ይኸውልሽ ደብዳቤው» አልናት።

ከዚያ ሠንጠረዡን ገለበጥነው። የመጀመሪያው ዓምድ ችግሩ ሆነ፣ ቀጥሎ እሱን የሚያስተምሩት እነማን ናቸው፣ ከዚያ ማን ይከፍላል፣ ሀገር መጨረሻ። የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማየት ትተን የኮርስ ዝርዝርና የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ማንበብ ጀመርን። ብዙ የሀገራችን የውሃ ሰዎች የተማሩበት የዴልፍቱ ተቋም መጣ። (የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ያቆመው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ የወንጂን ውሃ ለማጽዳት ሆላንድ ልትማር ነው ብለን ሳቅን።) ዓይተነው የማናውቀው አልጄሪያም መጣ፤ የአፍሪካ ኅብረት ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ትለምሰን ከተማ ላይ ውሃና ኢነርጂ በስኮላርሺፕ ያስተምራል። እኛ «ውጭ» ስንል አፍሪካን ቆጥረናት አናውቅም ነበር።

ገንዘቡም የራሱ ጠባይ አለው። ኢራስመስ ሙንዱስ የትምህርቱን ከፍሎ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሥራ ልምድ አይጠይቁም፣ ፉክክሩ ግን ከዓለም ሁሉ ነው። የጀርመኑ ዳአድ ለታዳጊ ሀገራት ባለሙያዎች ያዘጋጀው ስኮላርሺፕ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ዲግሪውም ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። የስዊድኑ 3,000 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። በተመረቅን ማግስት ያመለከትንባቸው ብዙዎቹ ገና ሳይነበቡ ወድቀው ነበር ማለት ነው።

ኬሚስቷ አዲሱን ሠንጠረዥ ስትሞላ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ቆመች። ከሦስት ቀን በኋላ «እኔ መሄድ እንጂ መማር አይደለም የፈለግኩት» አለች። መሄድ መፈለግ ነውር አይደለም። ግን ለዚያ ሁለት ዓመት ላብራቶሪ መግባት አያስፈልጋትም። አሁን ጥሩ ሥራ ይዛለች፤ ሐሳቧን ከቀየረች ላፕቶፗ እዚሁ ነው።

መሐንዲሷ ገጠር ገጠሩን የውሃ ጉድጓድ እየተከታተለች ሁለት ዓመቷን ሞላች። ኦሪጅናል ዲግሪዋን ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳዋን ከፍላ ጨርሳለች። ዘንድሮ ሦስት ቦታ አመልክታለች፤ ሦስቱም ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ናቸው። መልስ ገና አልመጣም። ባይሳካ የሚጠፋው የማታ እንቅልፋችን ነው።

ወንጂ ያለው ቤት አልተሸጠም።