መጀመሪያ ሚዛኑን



እኛ ከአርብ ገበያ የመጣን፣ በአንድ ዶርም የምንኖርና በአንድ ላፕቶፕ የምንሠራ ሦስት የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ነን። የምንጽፈው ስለ ቀርፋፋ ላፕቶፕ ነው። በላፕቶፑ ሰበብ ግን የአንድ ወንድማችንን ስም አጥፍተናልና ሁለቱን ለያይተን መናገር አልቻልንም።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚለው ገበያዋ አርብ ነው። ከሦስታችን የአንዳችን አባት እህል ነጋዴ ናቸው። ገበያው በደራበት ሰዓት ጁሙዓ ይደርሳል፤ እሳቸውም እህላቸውን ለጎረቤታቸው ለክርስቲያኑ ነጋዴ አደራ ብለው ሄደው ይሰግዳሉ። ማታ ሒሳቡ አልገጥም ሲል የሚያደርጉትን ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። መጀመሪያ ሚዛኑን ባዶውን ሰቅለው ያዩታል። ቀጥሎ መመዘኛ ብረቶቹን ያስተያያሉ። ቀጥሎ የራሳቸውን ቆጠራ ይደግማሉ። ሰው የሚጠየቀው ከሁሉም በኋላ ነው።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን ተራ ገለበጥነው።

ላፕቶፑን ሁለተኛ ዓመት ሳለን ሦስቱ ቤተሰቦቻችን አዋጥተው ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ገዙልን። ኮር አይ 3 ነው፤ 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። በተራ እንጠቀምበታለን፤ አንዱ እስከ መግሪብ፣ አንዱ ከዒሻ በኋላ፣ አንዱ ከሱብሒ በኋላ። ዘንድሮ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ነበር።

የካቲት 9 ቀን አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ለአሳይመንት ተዋሰን። የካቲት 11 መለሰልን። ሲመልስ «ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል፣ እዩት» ብሎን ነበር። በሳምንቱ ላፕቶፑ ጨርሶ እንቢ አለ። ለሱብሒ ስንወጣ ለኩሰነው ሰግደን ስንመለስ ገና ክቧ ትዞራለች። አውቶካድ እስኪከፈት ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። አንድ መስመር ስናሰምር ስክሪኑ ይደርቃል።

ማን እንዳበላሸው ለመወሰን አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። «ቫይረስ አስገብቶበት ነው» አለ አንዳችን። ሌላው «ፊልም ሲያወርድበት ይሆናል» አለ። ሲመልስ የነገረንን እንኳ «ያውቅ ስለነበር ነው አስቀድሞ የተናገረው» ብለን ማስረጃ አደረግንበት። ወሬው ከዶርማችን ወጥቶ ሐሙስ ማታ የምንቀማመጥበት ሐለቃ ደረሰ። ሁለት ልጆች ፍላሽ ሊያውሱት እንዳልፈለጉ ሰማን፤ ሰምተንም ዝም አልን። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁ ሐለቃ አልመጣም።

ላፕቶፑን ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ገልጦ ሳያየው «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለን። ፕሮጀክታችን ውስጡ ስለነበር ፈርተን ይዘነው ተመለስን። ከዚያም ወደ አርብ ገበያ ደወልን፤ ላፕቶፑ እንዳለቀለት፣ ሌላ ካልተገዛ ፕሮጀክቱን በጊዜው እንደማናስረክብ ተናገርን። እህል ነጋዴው አባታችን ጊደር ሊሸጡ አሰቡ። ቀጥለው ግን «ልጁ እንዳበላሸው በምን አወቃችሁ?» አሉን።

«እሱ ከመለሰው ወዲህ ነው የተበላሸው» አልን።

«እሱንማ ነገራችሁኝ። ሚዛኑን አይታችኋል ወይ ነው የምላችሁ።»

አላየንም። የምሕንድስና ተማሪዎች ሆነን፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የኮንክሪት ናሙና ሳንሰብር ጥንካሬውን የማንናገር ልጆች፣ ስለ ሰው ግን ሳንለካ ተናግረን ነበር። በዚያው ሌሊት ቁጭ ብለን መለካት ጀመርን።

ብሬንዳን ግሬግ የተባለ የኮምፒውተር ፍጥነት ባለሙያ ያስፋፋው ቀላል አሠራር አለ። ለእያንዳንዱ የኮምፒውተሩ ክፍል ሦስት ጥያቄ ይቀርባል፦ ምን ያህል ሥራ ይዟል? ወረፋ ተሰልፎበታል ወይ? ስህተት መዝግቧል ወይ? እኛም በዚሁ ሄድን።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስንጫን ታስክ ማናጀር ተከፈተ። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ሁሉንም ጎን ለጎን ያሳያል። ፕሮሰሰሩ 9 በመቶ ነው፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ራሙ 61 በመቶ ነው፤ ጠበብ ቢልም ይበቃዋል። ዲስኩ 100 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ እንደገና እንሳሳት ነበር። ዲስክ 100 በመቶ መሆኑ ብቻውን ሕመም አይደለም። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ፣ ጸረ ቫይረስ ሲፈትሽ፣ ራም ሞልቶ የተረፈው ወደ ዲስክ ሲገለበጥም እንዲሁ ያሳያል። ያኔ ግን ዲስኩ እየሠራ ነው፤ በሰከንድ ብዙ ሜጋባይት ሲያነብና ሲጽፍ ይታያል። የእኛው በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ አያነብም። አማካይ የምላሽ ጊዜው ከ1,000 ሚሊሰከንድ በላይ ነው፤ ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ሥራ ካልበዛበት በ10 እና በ20 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። ሪሶርስ ሞኒተርን ከፍተን የዲስኩን ወረፋ አየን፤ ጥያቄው ተደራርቦ ቆሟል። ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ሳይሆን የታመመ ሠራተኛ ነበር።

ቫይረስ ያልነውንም ፈተሽነው። የዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ሌሊቱን ፈጀና ጠዋት ምንም አላገኘሁም አለ። አንዱ ክሳችን በዚህ ወደቀ።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀረ፤ ስህተት። ዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር የሚባል መዝገብ አለው። ኮምፒውተሩ ያጋጠመውን ሁሉ ከቀንና ከሰዓት ጋር ያሰፍርበታል። ሲስተም የሚለውን ክፍል ከፍተን ከዲስክ የመጣውን ብቻ ስናጣራ 7 ቁጥር ያለው ስህተት ተደርድሮ አገኘነው። ትርጉሙ ዲስኩ ላይ የማይነበብ ቦታ አለ ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች ወረድን። የካቲት 11 አለ። የካቲት 9 አለ። መዝገቡ ግን እዚያ አላለቀም፤ ልጁ ላፕቶፑን ከመንካቱ በፊትም አለ። የመጀመሪያው ስህተት የተጻፈው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 3፣ ጠዋት 8:40 ነበር። በእኛ ጥር 26፣ ከጠዋቱ 2:40 መሆኑ ነው።

ቀኑን ስንቆጥር ሦስታችንም እኩል ዝም አልን። ጥር 26 ከእረፍት ወደ ግቢ የተመለስንበት ቀን ነው። ከአርብ ገበያ በሌሊት ተነስተን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ገና ነፋስ መውጫ አልደረስንም። መኪናው ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበታችን ላይ ከፍተን ሥዕል እያረምን ሳለ መኪናው ነጠረ፤ ላፕቶፑ እንደበራ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንስተን አየነው። ስክሪኑ አልተሰበረም። አልሐምዱሊላህ ብለን ዘጋነው፤ ረሳነውም።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የእኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን አይነካውም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙ ሺህ ጊዜ በሚያንስ ከፍታ ላይ በአየር ተንሳፎ ያልፋል። እየዞረ ሳለ ከወደቀ ጫፉ ሳህኑን ይፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ ሲነበብ ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ኮምፒውተሩም ቆሞ ይጠብቀዋል። ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፤ እየሰፋ ሄዶ ዊንዶውስ የሚፈልገው ፋይል ጋ ሲደርስ ይጋለጣል። «ሲከፈት ይዘገያል» ያለን ልጅ ያየው የእኛን ውድቀት ነበር።

ማጣራትን ሳንማር ቀርተን አይደለም። ከትምህርት ቤት መልስ መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን ስለ ሐዲስ ሰንሰለት ያስተምሩን ነበር። ሊቃውንቱ ከአንድ ዘጋቢ የሰሙትን እንዲያው አይቀበሉም፤ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ይመረምራሉ፤ እውነተኛ ነው ወይ? ትውስታው ይጠብቃል ወይ? ሰማሁ ከሚለው ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝቷል ወይ? ለዚህም የልደትና የሞት ዓመት ያመሳክሩ ነበር። በ256 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪ ስለ ዘጋቢዎች ያዘጋጁት ትልቅ መጽሐፍ ስሙ ራሱ «አት-ታሪኽ አል-ከቢር»፣ ታላቁ ታሪክ ነው። ቀኑ ካልገጠመ ወሬው ይወድቃል። ይህን ለፈተና አጥንተን አልፈናል። የራሳችን ወሬ ላይ ሲደርስ ግን ቀን ማመሳከር ትዝ አላለንም። ጥገና ቤት ፎርማት አስደርገን ቢሆን ኖሮ ደግሞ መዝገቡ ከነቀኑ ይጠፋ ነበር፤ ልጁም እስከ ምረቃ ቫይረስ አስገቢ ተብሎ ይቀር ነበር።

ወደ አርብ ገበያ ደወልንና ጊደሯን እንዳይሸጧት ነገርናቸው። ዲስኩ እንጂ ላፕቶፑ እንዳልሞተ፣ በኤስ.ኤስ.ዲ. ቢቀየር እንደሚሠራ አስረዳን። አባታችን ስለ ዲስኩ ብዙም አልጠየቁም። «ልጁንስ?» አሉ።

በዚያው ቀን ከዒሻ በኋላ ዶርሙ ሄድን። የሆነውን ሁሉ ነገርነውና «አውፍ በለን» አልነው። «ስመልሰው ነግሬያችሁ ነበር» አለ። ቀጥሎ «አውፍ ብያችኋለሁ» አለን፤ ሻይም አፈላልን። በማግስቱ ፍላሽ የከለከሉትን ልጆች ፈልገን እውነቱን ነገርን፤ ሐለቃው ላይም ተነስተን ተናገርን። እኛ ያልነገርናቸው፣ ከእኛ የሰሙ ደግሞ ለሌላ የነገሯቸው ስንት እንደሆኑ ግን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለእነሱ ነው። ከሰማችሁት ውስጥ እውነት አልነበረም። ያበላሸነው እኛ ነን።

የዲስኩን ነገር ለምትፈልጉ ያደረግነው ይህ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የያዘውን የጤና መዝገብ ያነባል፤ ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ አብቅቶለታል። የእኛው ቢጫ ነበር። ቢጫ ያየ ሰው ሌላ ነገር ከመሞከሩ በፊት ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ፤ የታመመን ዲስክ በጥገና ፕሮግራም ማስጨነቅ የቀረውን ሊያጠፋው ይችላል። እኛ አንድ ፋይል ብቻ አልነበብ አለን፤ የሁለት ሳምንት ሥዕል ነበር፣ እንደገና ሠራነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለበት 240 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. ገዝተን፣ የጀርባውን ብሎን ፈትተን ራሳችን ቀየርን። ዋጋው ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ያው አሮጌ ላፕቶፕ አሁን አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይከፈታል።

የእናንተ ላፕቶፕ ሲዘገይ ጥፋቱ ዲስክ ላይሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ከተጠጋ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ታስክ ማናጀር ላይ ተዘርዝሮ ይታያል። ራሙ ከ90 በመቶ ካለፈ የተከፈቱትን የብሮውዘር ገጾች ቀንሱ፤ ሁልጊዜ እንዲያ ከሆነ ራም ማስጨመር ያዋጣል። ማራገቢያው እየጮኸ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከተጻፈለት በታች ከወረደ ሙቀት ነው፤ አቧራውን አስጠርጉ። ዲስኩ 100 ሆኖ ምንም የማያነብ ከሆነ የእኛን ታሪክ አስታውሱ።

በጀመዓችን ዕቃ መዋዋስ አለ፤ እንዲቀርም አንፈልግም። ስለዚህ ላፕቶፕ የሚያውስና የሚዋስ ሰው አብረው ተቀምጠው የዲስኩን ጤና ገጽ በስልክ ፎቶ ቢያነሱት እንላለን፤ ሲመለስም እንደገና። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ሁለቱንም ከመጥፎ ጥርጣሬ ይጠብቃል። አማና ማለት ዕቃውን መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ የተዋሰውን ሰው ስም መጠበቅም አለበት።

ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብቦታል። ስሙ እንዳይጻፍ ጠይቆናል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አርሞናል፤ ላፕቶፑን የመለሰው የካቲት 12 ነው ብለን ጽፈን ነበር። ስልኩን አውጥቶ የላከልንን መልእክት አሳየን። የካቲት 11 ነበር።